መርፌ ወግቶ የማያውቅ የጤና ኃላፊ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት አዲስ ኃላፊ ተሹሞለታል። ሐኪም አይደለም፤ የተማረው የኅብረተሰብ ጤና ነው አሉ። አባቴ «መርፌ ወግቶ የማያውቅ ሰው እንዴት ጤናን ይመራል?» እያለ ቤቱን አምሶታል። ለመሆኑ የከተማ ጤና ኃላፊዎችን የሚሾመው ማነው? (አንባቢዎ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባትህን ሰላም በልልኝ። እኔም ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ ጤና መኮንን ነኝ። ሰዉ «ዶክተር» ሲለኝ ዝም እል ነበር፤ ደስ ይለኛላ።

የተማርኩት ጎንደር ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እንዲያወጣ ነበር። ወባ ደምቢያን ከፈጀ ብዙም አልቆየም ነበር። እኔ ግን የጓጓሁት ማዳመጫውን አንገቴ ላይ ለማንጠልጠል ነው። መጀመሪያ በተመደብኩበት መንደር ተቅማጥ የያዘው ልጅ ታክሞ ይሄድና በሳምንቱ ይመለሳል። አንድ ቀን ሳኒተሪያኑ ጓደኛዬ እጄን ይዞ ወደ ምንጩ ወሰደኝ። ለካ መጸዳጃው የተቆፈረው ከምንጩ በላይ ነው! ጉድጓዱን ወደ ታች አስወረደ፣ ምንጩን አጎለበተ። ወረፋዬ ሳሳ። ትንሽ ከፍቶኝም ነበር፣ አልዋሽህም።

ወደ ሹመቱ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የካቢኔ አባላትን ከንቲባው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የጤና ቢሮ ኃላፊም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ማስታወቂያ አይቶ፣ ተፈትኖ የሚቀጠር አይደለም። ከሥሩ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው በትምህርትና በልምድ የሚወዳደሩት።

የአባትህ ሐሳብ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። የእንግሊዟ ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ1847 የጤና ሹም ስትቀጥር የመረጠችው ዊሊያም ዱንካን የሚባል ሐኪም ነው። በዓመት 300 ፓውንድ፣ ያውም የግል ሕክምናውን ሳይተው! ወዲያው ግን ሥራው ትርፍ ሰዓት የሚበቃው እንዳልሆነ ገባቸውና በ750 ፓውንድ ሙሉ ጊዜውን ያዙት። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ50 ሺህ ሕዝብ በላይ ባለበት አካባቢ ሐኪምነት ብቻውን አይበቃም፣ የኅብረተሰብ ጤና ዲፕሎማም ይኑረው አለ።

በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አባትህ እጁን ያውጣና አዲሱን ሰው ይጠይቀው፦ «ሰፈራችን አተት ቢገባ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?» «ሆስፒታል» ካለ እኔም ከአባትህ ጎን ነኝ።