የቀለጠ ሶዲየም ሲሞቅ ምን ያህል ይቀጥናል?

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አንዳንድ የኒውክሌር ማብላያዎች በውሃ ፋንታ በቀለጠ ሶዲየም እንደሚቀዘቅዙ አንብቤአለሁ። የቀለጠ ብረት ሁሉ እንደ ማር የተዝለገለገ ስለሚመስለኝ፣ በዚያ ሁሉ ቧንቧ ውስጥ እንዴት በቀላሉ እንደሚፈስ ሊገባኝ አልቻለም። ሙቀቱ ሲጨምር ዝልግልግነቱ እንዴት እንደሚለወጥ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል። (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቀለጠ ሶዲየም ከማር ጋር ፈጽሞ አይቀራረብም፤ እንዲያውም በቤት ውስጥ ሙቀት ካለ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ሶዲየም የሚቀልጠው 98 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ገና እንደቀለጠ ዝልግልግነቱ 0.7 ሚሊፓስካል ሰከንድ ያህል ነው። የ20 ዲግሪ ውሃ 1 ነው። ሶዲየሙ 250 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 0.4 ይወርዳል፤ 400 ላይ 0.28 አካባቢ፣ 550 ላይ ደግሞ 0.23 አካባቢ ይሆናል። እዚህ ላይ የቁልቁለቱን ቅርጽ ልብ ይበሉ፦ ትልቁ ለውጥ የሚታየው ከመቅለጫው ነጥብ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሙቀት ቢጨመርም ዝልግልግነቱ የሚቀንሰው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ዝልግልግነት የምንለው፣ ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ በሚንሸራተትበት ጊዜ የሚፈጠረው የውስጥ ሰበቃ ነው። በፈሳሽ ውስጥ አቶሞች ተጠጋግተው ስለሚገኙ፣ እያንዳንዱ አቶም ቦታ ለመቀየር ከጎረቤቶቹ ስበት መላቀቅና በመካከላቸው ሾልኮ ማለፍ አለበት። ሙቀት ሲጨምር የአቶሞቹ እንቅስቃሴ ይበረታል፤ ፈሳሹም ስለሚስፋፋ መተላለፊያው ይሰፋል። የሶዲየም እፍጋት በመቅለጫው ነጥብ ላይ በሜትር ኩብ 927 ኪሎ ግራም ያህል ሆኖ፣ 400 ዲግሪ ላይ ወደ 856 የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። በጋዞች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የጋዝ ቅንጣቶች ተራርቀው የሚበሩ በመሆናቸው፣ ሲሞቁ በፍጥነት ከንብርብር ወደ ንብርብር እየተሻገሩ እርስ በርስ ይጎታተታሉ፤ ዝልግልግነታቸውም ይጨምራል።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ አንድራዴ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፈሳሾች ባቀረበው ቀመር መሠረት፣ የዝልግልግነት ሎጋሪዝም ከፍጹማዊ ሙቀት (በኬልቪን ከሚለካው) ግልባጭ ጋር በግራፍ ሲነደፍ ወደ ቀጥታ መስመር የተጠጋ ይሆናል። ሶዲየም ይህን ሕግ በጥሩ ሁኔታ ይከተላል፤ ከላይ የሰጠናችሁን ቁጥሮች ወስደው ራስዎ ቢነድፉት ብዙ ይማሩበታል። የመስመሩ ተዳፋት ለስላሳ የሚሆነው፣ እንደ ሶዲየም ባሉ አልካሊ ብረታ ብረቶች ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ለትስስሩ የሚያዋጣው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ በመሆኑ ትስስሩ ደካማ ስለሆነና፣ በማር ውስጥ እንዳሉት በሃይድሮጅን ትስስር የሚያያዙ ትልልቅ ሞለኪውሎች ስለሌሉ ነው።

መለኪያው ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሶዲየም በአየር ኦክሲጅን ይበላሻል፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ በኃይል ይቀጣጠላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ንጹሑን ሶዲየም በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ አሽገው፣ ዕቃውን በምድጃ ውስጥ በቀጭን ሽቦ ያንጠለጥሉታል። ከዚያ ዕቃውን በትንሹ አዙረው ይለቁታል፤ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ሲወዛወዝ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይጎትተዋል፤ ውዝዋዜውም ቀስ በቀስ ይደክማል። የሚደክምበት ፍጥነት ሲለካ ዝልግልግነቱ ይሰላል። ፈሳሹ በጣም ቀጭን ስለሆነ ጥቂት የኦክሳይድ ቆሻሻ እንኳ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

ወደ ማብላያዎቹ ስንመለስ፣ በሩሲያ ቤሎያርስክ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በሚሠራው ቢኤን-600 ሶዲየሙ ከማብላያው እምብርት የሚወጣው 550 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ነው። በዚህ የሙቀት ክልል ዝልግልግነቱ አነስተኛና ብዙም የማይለዋወጥ ስለሆነ ፓምፖቹን አያስቸግርም። መሐንዲሶችን የሚያሳስበው መርጋቱ ነው። ሶዲየም ቀስ እያለ ወፍሮ አይረጋም፤ እስከ 98 ዲግሪ ድረስ ቀጭን ሆኖ ቆይቶ እዚያው ነጥብ ላይ ጠጣር ይሆናል። በዚህ የተነሳ ቧንቧዎቹ ሶዲየም ከመሞላቱ በፊት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሞቃሉ። ሌላው ጉዳይ ሶዲየሙ ሲቀዘቅዝ ኦክሳይዱን አሟሙቶ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ኦክሳይዱ በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ መዝቀጡ ነው። ፍሰቱ ከቀዝቃዛው ወገን ቢዳከም በእኛ አስተያየት በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ዝቃጭ ነው፤ ዝልግልግነቱ ያን ያህል አይለወጥምና።

ለትምህርትዎ አንድ ነገር እንጨምርልዎ። የፍሰት ስሌት በሚሠሩበት ጊዜ ዝልግልግነቱን በእፍጋቱ አካፍለው ይጠቀሙ። በዚህ አሠራር የ400 ዲግሪ ሶዲየም ከ90 ዲግሪ ውሃ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል፤ መሐንዲሶች ውስጡ የማይታየውንና አደገኛውን ሶዲየም ትተው የፍሰቱን መልክ በሙቅ ውሃ ሞዴል የሚያጠኑትም ስለዚህ ነው። የሙቀቱን ስርጭት ግን ከውሃው ሞዴል በቀጥታ ሊወስዱት አይችሉም፤ ሶዲየም ሙቀትን ከውሃ 100 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል።