ግቢ ስለሚመጣው ቀበሮ

ወንድሜ፣ ጣና ዳር ያለው ግቢህ ማታ ማታ የሚመጣው ቀይ ቀበሮ ይሆን ወይ፣ ምግብስ ላስቀምጥለት ወይ ብለሃል። ቀይ ቀበሮ አይደለም። እሱ የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ፣ እንደ ሰሜን ተራሮችና ባሌ ባሉ ቦታዎች ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያንተ እንግዳ ተራው ቀበሮ መሆን አለበት። አይጥ፣ አንበጣና የወደቀ ፍሬ ይወዳል፤ ማንጎ ሥር የሚያነፈንፈው ለዚህ ነው።

ማየቱ እንዴት ደስ ይላል! የበረንዳውን መብራት አጥፋና በመስኮት ዝም ብለህ ተመልከት። ምግብ ግን በፍጹም አታስቀምጥ። ሰው ከለመደ የጎረቤት ዶሮ ይደፍራል፤ ከዚያ ጎረቤት መርዝ ያስቀምጥለታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ውሻህን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትብ። ሰው የማይፈራ ወይም የሚንገዳገድ ቀበሮ ካየህ ልጆቹን አስገባና ለእንስሳት ሐኪም ንገር።