ኮምቦልቻ አዲስ ገብቻለሁ፤ የት ልዋል?

ጥያቄ፦ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሬያለሁ። ትልልቆቹን ሆቴሎች አይቻለሁ። የሰፈር ሰው ራሱ ከፍቶ የሚሠራባቸውን ቤቶች ግን አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ! በጥሩ ጊዜ መጥተሻል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማዋ ሌላ ሆናለች።

እኔ ብሆን ከጀበና ቡና እጀምራለሁ። ሴቶች በትንሽ ገንዘብ በራፋቸው ላይ ረከቦት ዘርግተው የሚሠሩት፣ ዕጣኑ ከሩቅ የሚጠራሽ ማለቴ ነው። አንድ ስኒ ጠጥተሽ ብድግ እንዳትዪ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ተቀመጪ፤ የሚከራይ ቤትም ሆነ ጎበዝ ልብስ ሰፊ የምታገኚው አጠገብሽ ቁጭ ካሉት ሰዎች ነው። ለቁርስ ፉል ቤት፣ ቀን ሲሞቅ ጭማቂ ቤት።

ማታ ማሲንቆ የሚመታበት ቤት ካገኘሽ ሳታመነቺ ግቢ። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ የወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ በአገራቸው ሲሰሙ ደግሞ ሆድ ያባባሉ። ሰኞ ዕረፍት ከሆንሽ ራሷን ባቲን ሂጂና ገበያዋን እዪ።

እሁድ ደሴ ውጪ። 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ግን ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ ጃኬት ያዢ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ሳታዪ እንዳትመለሺ፤ ከዚያ ፒያሳ ዞር ዞር በይ። ዝርዝር ብርም አትርሺ፣ ትንንሾቹ ቤቶች መልስ ያጥራቸዋል።