የድርጅታችሁን ሲስተም ከመንካታችሁ በፊት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሥራዬ የአነስተኛ ድርጅቶችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ መጠገን ነው። ስለ ጥገናና ስለ ሲስተም ለውጥ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የተወሰኑትን እዚህ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ወደ ነበራችሁበት የምትመለሱበትን መንገድ ሳታዘጋጁ ምንም ነገር አትቀይሩ።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት አለኝ። ዕቃ የምንቆጣጠረው በኤክሴል ነበር፤ አሁን ፕሮግራም ገዛሁ። ሻጩ «በአንድ ቀን እጨርስልሻለሁ» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ መጫኑን በአንድ ቀን ይጨርስ ይሆናል እህቴ። ሥራሽ ግን በአንድ ቀን አይዛወርም።

መጀመሪያ ቀን ምረጪ። ሰኞን እርሺው፣ ገበያ ነው። የሰኔ መጨረሻም አይሆንም፣ ሂሳብ የሚዘጋበት ነው። የአረፋና የገና ሰሞንም እንደዚያው። እኔ ማክሰኞ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አደርገዋለሁ። በማግስቱ ችግር ቢመጣ የሥራ ቀን ስለሆነ ሻጩ ስልክ ያነሳል።

ከዚያ የኤክሴሉን ፋይል ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የመድኃኒቶቹ ማብቂያ ቀን። ካርቶኑ ላይ 08/2026 ተብሎ የተጻፈውን አንዷ ሠራተኛ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብላ መዝግባው ከሆነ፣ አዲሱ ፕሮግራም ጊዜው ካለፈ ዓመታት እንደሆነው ይቆጥረዋል። የባሰው ደግሞ ቀንና ወር ሲገለባበጥ ነው። 05/08 የሚለውን አንዱ ፕሮግራም ነሐሴ አካባቢ፣ ሌላው ግንቦት ገደማ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ዝውውሩ እንዳለቀ ከመደርደሪያው 20 መድኃኒት አውርጂ። ብዛቱንና ቀኑን አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አመሳክሪ። አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ሽያጭ አትጀምሪ።

ለሁለት ሳምንት ሁለቱንም ጎን ለጎን ያዙ። ማታ ማታ የሽያጩን ድምር አስተያዩ። ሠራተኞችሽ ማማረራቸው አይቀርም፣ ልክም ናቸው፤ ድርብ ሥራ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፈያቸው።

የመመለሻውን ሰዓትም አስቀድመሽ ወስኚ። ለምሳሌ «እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ሽያጭ መመዝገብ ካልቻለ ወደ ኤክሴል እንመለሳለን» ብለሽ ጻፊና ለጥፊው። ደንበኛ ተሰልፎ እያለ «ቆይ ትንሽ እንሞክር» እየተባለ ነው ቀኑ የሚያልቀው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ፣ መብራት በሄደ ቁጥር አንዴ ጮሆ ይጠፋል። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ባትሪው ብቻ ነው የሚሞተው። በትናንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል። የኮምቦልቻው ከደሴው ቀድሞ ቢደክም አይገርምም። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት (V) እና አምፒር-ሰዓት (Ah) አይተህ ተመሳሳዩን አስገባ። የገባበትን ቀን በማርከር ጻፍበት። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤሱ ላይ ሰክተህ ከሆነ ዛሬውኑ ንቀል፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ አራቱም ኮምፒውተሮቻችን ዊንዶውስ 10 ናቸው። ደህና እየሠሩ ለምን እንቀይር?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ለተራዘመው የደኅንነት ድጋፍ ካልተመዘገበ ግን አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የደኅንነት ቺፕ) እና፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነ ላይ በግድ አታስጭኑ። አራቱንም በአንድ ቅዳሜ መቀየርም ትልቅ ስህተት ነው። ብዙም ሥራ የማይበዛበትን አንዱን ቀይሩ። ፕሪንተሩና የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ መሥራታቸውን ለሳምንት እዩ። የካሸሩ ኮምፒውተር የመጨረሻ ይሁን።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ፍላሽ ላይ ባክአፕ እናደርጋለን። ፍላሹ ሁሌም እንደተሰካ ነው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውንም አብሮ ይቆልፈዋል። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙና በየተራ ተጠቀሙ፤ አንዱ ቤት ይደር። በወር አንዴ ደግሞ ከባክአፑ አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ። ያልተከፈተ ባክአፕን እኔ ባክአፕ አልለውም።

ጥያቄ፦ ኔትወርካችንን የዘረጋልን ልጅ አዲስ አበባ ገብቷል። ፓስዎርዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

መልስ፦ ሳትጣሉ፣ ሳይበላሽ፣ ዛሬ ደውሉለት። የራውተሩን፣ የካሜራውንና የኢሜይሉን ተቀበሉና በማግስቱ ሁሉንም ቀይሩ። አዲሱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በፖስታ አሽጉና ካዝና ውስጥ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ባለሙያ ደግሞ በራሱ ስም መግቢያ ክፈቱለት፤ ሲለቅ የእሱን ብቻ ትዘጋላችሁ።