ጥያቄና መልስ፦ መመለሻ መንገድ ያጣ መብራት

ጥያቄ፦ ለጉዞ ማደሪያ የሚያገለግለኝን ካራቫን ከመኪናዬ ኋላ አያይዤ ስነዳ፣ የግራውን ፍሬቻ ባበራሁ ቁጥር የተጎታቹ የኋላ መብራቶች በሙሉ አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ይደበዝዛሉ። አምፖሎቹን በሙሉ ቀይሬአለሁ፣ ፊውዞቹም ደህና ናቸው፣ መኪናው ብቻውን ሲሆን ምንም ችግር የለበትም። ግራ የሚያጋባኝ ቆሞ ሲሞከር አብዛኛውን ጊዜ በትክክል መሥራቱ ነው፤ ብልሽቱ የሚብሰው መንገድ ላይ፣ በተለይም ስታጠፍ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አምፖሎቹን ሳይቀይሩ ጽፈውልን ቢሆን ኖሮ ወጪው ይቀርልዎ ነበር። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ የሚጠቁሙት የተጎታቹን ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበትን የሽቦና የብረት መስመር ነው። ወደ ፍሬቻው አምፖል የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ለዚህ የተዘረጋው ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሲዝግ፣ ኤሌክትሪኩ በሌሎቹ አምፖሎች ክር ውስጥ ወደ ኋላ አልፎ በእነርሱ መስመር በኩል መመለሻ ይፈልጋል። 21 ዋት የሆነ የፍሬቻ አምፖል 1.75 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ ይህ መጠን በሌሎቹ ክሮች ሲያልፍ በደብዛዛው ያበራቸዋል፤ ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር እነርሱም አብረውት ብልጭ የሚሉት ለዚህ ነው።

ቆሞ የመሥራቱ ነገርም ከዚሁ የመጣ ነው። የማሳው ሽቦ ቢቋረጥም ተጎታቹ በመጎተቻው ኳስ በኩል ከመኪናው ብረት ጋር ስለሚነካካ፣ ኳሱ ሳይታሰብ የማሳን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ኳሱ ቅባት የተቀባና የሚሽከረከር ብረት በመሆኑ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ወይም መኪናው ሲታጠፍ ግንኙነቱ ይላላል። በዚህ ምክንያት በጋራዥ ውስጥ “ምንም የለበትም” ተብሎ የተመለሰ ተጎታች ብዙ ነው።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ አንድ ረጅም ወፍራም ሽቦ ወስደው ከመኪናው ባትሪ ኔጋቲቭ ወደ ተጎታቹ ሻንሲ (ተሸካሚው የብረት አካል)፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ወደሚታይበት ቦታ ያገናኙ። መብራቶቹ ወዲያው ከተስተካከሉ የቀረው ሥራ ብልሽቱ ያለበትን ነጥብ መፈለግ ብቻ ነው። ጊዜያዊውን ሽቦ ያንሱና መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር፣ ሌላውን ከተጎታቹ ሻንሲ ጋር ያያይዙ፤ መብራቶቹን በሙሉ አብርተው ንባቡን ይመልከቱ። 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ቢያሳይ ማሳው ጤነኛ ነው፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ብልሽት አለ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ጫፍ ከባትሪው አጠገብ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ያርቁት፤ መጀመሪያ በመኪናው ሻንሲ፣ ቀጥሎ በሶኬቱ ጀርባ፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ውስጥ በሚሰካው የተጎታቹ ገመድ ጫፍ (በወንዴው)፣ በመጨረሻም በተጎታቹ ላይ። ንባቡ በድንገት ዘሎ ባደገበት ቦታና ከእርሱ በፊት በነበረው መካከል ብልሽቱ ተቀምጧል።

ያገኙትን ነጥብ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ያጽዱት፣ አዲስ የሽቦ ጫፍ አጥብቀው በብሎን ይሰሩት፣ ቀለም ወይም ግሪስ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው። በመርፌ የሽቦ ልባስ እየወጉ መለካት የብዙ ባለሙያዎች ልማድ ቢሆንም አልመክረውም፤ በቀዳዳው የገባው እርጥበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ለብዙ ሰዓታት ነድቼ ስደርስ እንኳ የካራቫኑ ባትሪ አይሞላም። በተጎታቹ ሶኬት ላይ በመልቲሜትር ስለካ ግን 12.6 ቮልት አገኛለሁ። ባትሪው ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልኬትዎ ይህን አያሳይም። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከሽቦው ክሮች አንዱ ብቻ ሳይበጠስ ቢቀር እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያል። ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል በዚያው መስመር ላይ አብርተው እንደገና ይለኩ፤ አምፖሉ ከ4 አምፔር በላይ ስለሚስብ የተጎዳ መስመር ከሆነ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ልኬቱንም ሞተሩ እየሠራ ያድርጉት፤ 12.6 ቮልት ሞተሩ በርቶ የተገኘ ንባብ ከሆነ በሞተሩ እየተሽከረከረ ባትሪ የሚሞላው የዲናሞው ኃይል ወደ ሶኬቱ እየደረሰ ላይሆን ይችላል፤ ፊውዙንና ሬሌውን (መስመሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ማብሪያ) ይመርምሩ።

መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለም የሽቦው ቅጥነት ብቻውን ሊያስቸግር ይችላል። ከመኪናው ባትሪ እስከ ካራቫኑ ባትሪ 8 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ መመለሻው 16 ሜትር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍ ከ1.1 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። በሞተሩ በኩል 13.9 ቮልት ቢኖር ለባትሪው የሚደርሰው 12.8 ያህል ነው፤ ሙሉ የሆነ የእርሳስ ባትሪ ያለ ሥራ ሲቀመጥ 12.7 ቮልት ገደማ ስለሚያሳይ፣ በዚህ ልዩነት ሊሞላ አይችልም። ማቀዝቀዣው በዚያው ሽቦ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ እነዚያን 10 አምፔሮች ብቻውን ሊወስዳቸው ይችላል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ኪሳራው ከግማሽ ቮልት በታች ይወርዳል፤ ሲቀይሩ ግን ፖዘቲቩን ብቻ አወፍረው ማሳውን በነበረበት አይተዉት። የመኪናዎ ኮምፒዩተር የዲናሞውን ቮልት ሆን ብሎ የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ፣ ሽቦ ማወፈር ብቻውን ስለማይበቃ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚሞላ መሣሪያ በካራቫኑ ባትሪ አጠገብ ማስገባት ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ተጎታቹን ባያያዝኩ ቁጥር የኋላ መብራት ፊውዝ ይቃጠላል። በ10 አምፔሩ ፋንታ 20 ባስገባ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በፊውዙ ፋንታ ሽቦው ይቃጠላል፤ እባክዎ አያድርጉት። ተጎታቹን ነቅለው መብራቱን ያብሩ፤ ፊውዙ ከቆየ ሾርቱ፣ ማለትም የፖዘቲቩ ሽቦ ከማሳ ጋር በቀጥታ የተነካካበት ቦታ፣ ያለው በተጎታቹ በኩል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሽቦው በሻንሲው ቀዳዳ ሲያልፍ በስለቱ በተላጠበት፣ ወይም ውሃ በገባበት መብራት ውስጥ ነው። ሶኬቱን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ አገናኙንም ይጠርጥሩ፤ ሰማያዊው ሽቦ በአንዱ ባለ ሰባት እግር የተጎታች ሶኬት የሽቦ አገናኝ ደንብ የኋላ ጭጋግ መብራት ሲሆን በሌላው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነውና፣ በቀለም ብቻ ተመርተው የተገናኙ ገመዶችን በመልቲሜትር አንድ በአንድ እያረጋገጡ ይለዩዋቸው።