መልስ፦ ለአምስታችን ብቻ የሚከፈት ፋይል እንዴት እንላላክ?

ውድ ጠያቂ፣ ጎንደር ያላችሁ አምስት የማኅበር አባላት የብራና መጻሕፍትን ፎቶና የባለቤቶቻቸውን መዝገብ፣ ከእናንተ በቀር ማንም ሳይከፍተው እንዴት እንደምትለዋወጡ ጠይቀዋል።

እኔ የምመክረው አንድ የይለፍ ቃል ከመጋራት ይልቅ ጂፒጂ በተባለው ነፃ ፕሮግራም እያንዳንዱ አባል የራሱን ጥንድ ቁልፍ እንዲያወጣ ነው፤ ፋይል የሚቆለፍበትን ይፋዊውን ለሌሎቹ ይሰጣል፣ የሚከፈትበትን ምስጢራዊውን ግን ለማንም አይሰጥም። ላኪው አምስቱንም ተቀባይ አድርጎ ሲመሰጥር፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን በአንድ ጊዜያዊ ቁልፍ አንዴ ብቻ ይቆልፍና ያንን ትንሽ ቁልፍ በየአባሉ ይፋዊ ቁልፍ ለየብቻ ይመሰጥረዋል፤ ስለዚህ ከባድ የፎቶ ፋይል አምስት ጊዜ መባዛት አያስፈልገውም። ላኪው ራሱንም ተቀባይ ማድረግ እንዳይረሳ፣ አለበለዚያ የመሰጠረውን ቅጂ ራሱ መክፈት አይችልም።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ቁልፉ የማን እንደሆነ ማረጋገጥን ነው። በመልእክት የደረሰ ይፋዊ ቁልፍ መንገድ ላይ በሌላ ሊተካ ይችላል። እናንተ አንድ ከተማ መሆናችሁ ትልቅ ዕድል ስለሆነ፣ ፒያሳ ተገናኝታችሁ የየአንዳንዱን ቁልፍ የጣት አሻራ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ 40 የሚሆኑትን የፊደልና የቁጥር ምልክቶች፣ አንዱ እያነበበ ሌላው ያመሳክር።

ይህ ከከበዳችሁ ፋይል በሚጨምቀው ሰቨን ዚፕ በተባለ ነፃ ፕሮግራም፣ ኤኢኤስ 256 በተባለው ጠንካራ የምስጠራ ዘዴ፣ በአንድ የጋራ የይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል፤ የፋይል ስሞችን የሚሰውረውን አማራጭ ምረጡ፣ የይለፍ ቃሉንም ፋይሉ በሄደበት መንገድ ሳይሆን በአካል ተቀባበሉ።

አባል ሲወጣ ቀድሞ የደረሱትን ፋይሎች ማስመለስ አይቻልም፤ ለቀጣዮቹ ግን በጂፒጂ ቁልፉን ከተቀባዮች ዝርዝር ማውጣት ይበቃል።