ፊዚክሱ ላቦራቶሪ ድረስ ይከተልሻል

ሰላም እህቴ። ከሐዋሳ የጻፍሽውን አነበብኩ። ፍሬሽማን ነሽ፤ የፊዚክስ ሚድ ከ30 ስምንት አምጥተሻል፤ ምኞትሽ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። አባትሽ ደግሞ «ሐኪም ካልሆንሽ ሌላው ዕቃ ማጠብ ነው» ይላሉ፤ ተበድረውም ቢሆን አስጠኚ ሊቀጥሩልሽ አስበዋል። እኔን ቆንጠጥ ያደረገኝ ግን ይሄኛው ጥያቄሽ ነው፦ «ደምና ሽንት ለሚመረምር ሰው በክር ታስሮ የሚዞር ኳስ ምን ያደርግለታል? ሸምድጄ ልለፈው?»

አትሸምድጂው። ያ ኳስ ነገ የምትሠሪበት ሴንትሪፊዩጅ ነው፤ የደም ቱቦ በፍጥነት አሽከርክሮ ደሙን የሚለየው ማሽን።

ሁለት ማሽኖች አሉ እንበል። ሁለቱም በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራሉ። በአንዱ ከመሃሉ እስከ ቱቦው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ነው፣ በሌላው 15። የሚታየው ቁጥር አንድ ነው። ቱቦው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ግን በመጀመሪያው የምድር ስበት 1000 እጥፍ ገደማ፣ በሁለተኛው 1500 ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጊው ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ካነሰ ሴረሙ፣ ማለትም የሚመረመረው የደሙ ፈሳሽ፣ በደንብ አይለይም። በዝቶ ቀይ የደም ሴሎቹ ከፈነዱ ደግሞ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይወጣና የፖታሲየም ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ሐኪሙ ያንን ወረቀት አይቶ ነው የሚወስነው።

የላቦራቶሪ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተጠራሁበት ማሽን ስንቱ ደህና ነበር መሰለሽ! ፍጥነቱን ከሌላ ማሽን ላይ ገልብጠው ሞልተውታል፣ በቃ።

የኬሚስትሪ ማሽኑም ያው ነው። ብርሃን በናሙናው ውስጥ ያሳልፍና ምን ያህል እንደተዋጠ ይለካል። መያዣው ላይ የጣት አሻራ ካለ ማሽኑ አሻራውንም ከናሙናው ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ለፋይናል ክብ እንቅስቃሴን፣ ፈሳሽን፣ ብርሃንንና ኤሌክትሪክን አስቀድሚ። ስትሠሪ ከቁጥሩ በፊት አሃዱን ጻፊ። ብዙ ማርክ የሚሄደው ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር ሳይቀይሩ ፎርሙላ ውስጥ በመክተት ነው።

አባትሽን በአክብሮት እንዲህ በይልኝ፦ ሐኪም ብትሆንም ፊዚክሱ አይቀርላትም። ላቦራቶሪም ዕቃ ማጠቢያ አይደለም። ለአስጠኚ ብሎ ዕዳ መግባት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ መምህርሽ ቢሮ በነፃ መግባት እያለ ምን ሲደረግ?

ወደ ሶሻል ልዙር ላልሽው፣ በአንድ ሚድ? ተይው። «ሥራ ይገኛል ወይ» ለሚለው ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ግን ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግንም ሳታዪው አትለፊ። ናሙናውም ማሽኑም የሚገባው ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥሽ። የሆነ ላቦራቶሪ ሄደሽ አስፈቅጂና የሴንትሪፊዩጁን ራዲየስና ፍጥነት ቅጂ። ራዲየሱን በሴንቲሜትር ያዢ፤ በደቂቃ የሚዞረውን ቁጥር በራሱ አባዢና ከራዲየሱ ጋር አባዢው፤ ከዚያ በ0.00001118። የምድር ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግርሻል። ስሌቱን ላኪልኝ፣ አርምልሻለሁ።